በልቻለሁ ያለ እንግዳ

(ተናጋሪዎቹ የጸሐፊው ፍጥረት ናቸው። እትዬ ኢሉባቦር ውስጥ፣ መቱ ከተማ ተወልደው፣ ጎሬና በደሌ ላይ ለሴት ተማሪዎች ባልትና ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። መምህሩ አዲስ አበባ ያደገና መቱ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የመጣ ወጣት ነው። ሐጂ የቡና ነጋዴ ናቸው፤ መሐል ላይ ይመጣሉ።)

መምህሩ፦ እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዳይቀየሙኝ። ለምንድን ነው «በልቻለሁ» ያለ ሰው እዚህ አገር የማይታመነው?

እትዬ፦ አንተ በልተህ ነው «በልቻለሁ» የምትለው?

መምህሩ፦ አንዳንዴ፣ አዎ።

እትዬ፦ ያቺን «አንዳንዴ»ህን ታዲያ በምን እንለያት? ሳትበላም «በልቻለሁ»፣ በልተህም «በልቻለሁ»። ስለዚህ ደግመን እንጠይቅሃለን። እንቢ ስትል «በሞቴ» እንልሃለን።

መምህሩ፦ እኔን የቸገረኝም እሱ ነው። «በሞቴ» ከተባለ በኋላ መውጫ የለም። ጠግቤ እጄን ስሰበስብ ጉርሻ ይመጣል። አንዱን ጎርሼ ሳልጨርስ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። የጋበዘኝ ሰው ወድዶኝ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ፍቅር እንዲህ ሲጫን ግዴታ አይሆንም?

እትዬ፦ የመጫኑን ነገር እመጣበታለሁ። አስቀድመህ መግደርደር ለምን እንደሚጠቅም እወቅ። እናንተ የከተማ ልጆች የገጠር ዓይን አፋርነት ታደርጉታላችሁ። ለድሃ ቤት የተበጀ ዘዴ ነው እንጂ ዓይን አፋርነት አይደለም። እስቲ ነሐሴ ነው እንበል። የኛን ክረምት አይተኸዋል፤ ዝናቡ መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ ጥቅምት አይለቅም። የአምናው የቡና ብር አልቋል፣ የዘንድሮው ቡና ገና አረንጓዴ ነው። ጎተራው ተሟጧል። በዚህ ላይ እንግዳ ደጅ ቆመ። የቤቱ እመቤት «ይግቡ፣ እንብላ» ትላለች፤ ሳትል መቅረት አትችልም። እንግዳው ወዲያው «እሺ» ካለ ጉድ ፈላ፣ መሶቡ ባዶ ነው። «በልቼ ነው የወጣሁት» ካላት ግን ጊዜ ሰጣት። ያላት እንደሆነ ትደግመዋለች፤ ስትደግመውም ድምጿ ሌላ ነው፣ እየተናገረች መሶቡን ትስበዋለች። የሌላት እንደሆነ «እንግዲያው ቡና ይጠጡልኝ» ትልና ይታለፋል። እንግዳው የጓዳዋን ልክ አወቀ፤ እሷም ማወቁን አወቀች። ማንም ግን አላፈረም፣ ማንም ምንም አልተናገረም።

መምህሩ፦ እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያው ግብዣ ግብዣ አይደለማ?

እትዬ፦ እሱ ሰላምታ ነው። ግብዣው ሁለተኛው ነው።

መምህሩ፦ ሦስተኛውስ?

እትዬ፦ አክብሮት ነው በለው። አራተኛው ግን ጭቅጭቅ ነው። ተማሪዎቼን «ሁለቴ ለምኑ፣ ከዚያ ዝም በሉ፤ ምግቡን ግን ከፊቱ አታንሱ» እላቸው ነበር። የራበው ሰው ምግቡ እፊቱ ካለ ወሬ ሲሞቅ እጁን ይሰዳል። ያልራበው ደግሞ እፎይ ይላል። ሌላም አለ፤ ጋባዥ ከእንግዳው ቀድሞ እጁን ከገበታ አያነሣም። አንተ ጠግበህም ቢሆን ትንሽ ትንሽ እየቆረስክ ትቆያለህ። ካነሣህ እንግዳው ሳይጠግብ ያነሣል።

መምህሩ፦ ኢራኖች ዘንድም ይኼን የመሰለ ልማድ አለ፤ ታሮፍ ይሉታል። ባለታክሲው እንኳ ሒሳብ ሲሰጡት መጀመሪያ «ግድ የለም፣ ይተውት» ይላል። የአገሩ ሰው ደግሞ ደጋግሞ ይሰጠዋል። ችግር የሚመጣው ልማዱን የማያውቅ የውጭ ሰው አመስግኖ የወረደ ዕለት ነው።

እትዬ፦ ጎሽ፣ እኛ ብቻ አይደለንማ! አየህ፣ ነገሩ የሚሠራው ሁለቱም ወገን ሲያውቁት ነው። ኢሉባቦር ደግሞ የማያውቀው ሰው ሲመጣበት የኖረ አገር ነው። ጎሬን አይተሃታል?

መምህሩ፦ ባለፈው ሄጄ ነበር። ጸጥ ያለች ናት።

እትዬ፦ ዋና ከተማነቱ ወደኛ ወደ መቱ ከዞረ ወዲህ ቀዝቅዛለች። ድሮ ግን የደጃዝማች ተሰማ ናደው መቀመጫ ነበረች፤ ኋላ ራስ የተባሉት፣ የልጅ ኢያሱ ሞግዚት የሆኑት። እ.ኤ.አ. በ1902 በተደረገው ውል እንግሊዞች ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ እንዲያቆሙ ተፈቀደላቸው። ክረምት ባሮ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም ይመጣል፤ የዚህ አገር ቡናና ሰምም ወደዚያ ይወርዳል። ግሪኩም አርመኑም ሶርያውም ጎሬ ላይ ሱቅ ከፈተ። የእንግሊዝ ቆንስላም ነበረባት። ከዚያ ጣልያን መጣ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ከአዲስ አበባ ሲወጡ፣ መንግሥት የሚባለው ነገር የቀረው እዚያች ኮረብታ ላይ ነው። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ያዙት፣ ኋላም ራስ እምሩ ደረሱ። ኅዳር 1929 ላይ ጣልያን እስኪገባ ድረስ ሹሙም፣ ወታደሩም፣ ስደተኛውም እዚያ ተከማችቶ ከረመ። ያን ሁሉ ሰው ማን አበላው ትላለህ?

መምህሩ፦ የአካባቢው ገበሬ ነዋ።

እትዬ፦ ገበሬው። አንዳንዱ ወድዶ፣ ብዙው ሳይወድ። አንተ «ሲጫን» ያልከውን አሁን ልምጣበት። በድሮው ሥርዓት ድርጎ የሚባል ነገር ነበር። የመንግሥት እንግዳ በአገር ሲያልፍ ሕዝቡ አዋጥቶ በጉን፣ እንጀራውን፣ ጠጁን፣ ማሩን፣ ለበቅሎው ገብሱን ያቀርባል። ሩሲያዊው መኮንን ቡላቶቪች እ.ኤ.አ. በ1896 እና በ1897 ከእንጦጦ ተነሥቶ እስከ ባሮ ተጉዟል፤ ስለ ጉዞውም መጽሐፍ ጽፏል። በዚያ ዘመን እንደሱ ያለ መንገደኛ የሚኖረው በድርጎ ነው። ለእንግዳው የሚታየው የሕዝቡ ቸርነት ነው። ለሚሰጠው ገበሬ ግን ግብር ነበር። ከድርጎው የባሰው ደግሞ ተሰሪው ነው። ወታደር ገበሬ ቤት ይመራና አልጋውን ይይዛል፣ የሰውየው ሚስት ታበስልለታለች፣ ጠላ ትጠምቅለታለች፤ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1892 አሥራትን ሲደነግጉ አንዱ ዓላማቸው ወታደሩ ከገበሬው ቤት እንዲወጣ ነበር።

መምህሩ፦ ወጣ ታዲያ?

እትዬ፦ አዋጁ ወጣ። ወታደሩ ከሁሉም ቤት ወጣ ብዬ ግን አልምልልህም። እንግዲህ «እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን» ስንል ይኼም ታሪክ ከኋላችን አለ። አንድ ማር ብቻውን ስጦታም ግብርም ይሆናል። የሚለየው ባለቤቱ «የለኝም» ማለት ሲችልና ሳይችል ነው። ለዚህ ነው «በሞቴ» ሲበዛ ደስ የማይለኝ፤ እንግዳውን ተገዳጅ ያደርገዋል። እንግዳው በበኩሉ ሳይነግር መጥቶ፣ ተደላድሎ ተቀምጦ፣ ዶሮ ይጠብቅ እንደሆነ…

መምህሩ፦ ድርጎ ጠየቀ ማለት ነው።

እትዬ፦ ጠየቀ! በቅሎ ብቻ ነው የጎደለው።

(ሐጂ በረንዳው ላይ ቆመው ጃንጥላ ያራግፋሉ፣ ቦቲያቸውን ያወልቃሉ። ሁለቱም ይነሣሉ።)

እትዬ፦ ኖር! ኖር ሐጂ!

ሐጂ፦ ኧረ በአላህ! በአላህ ተቀመጡ። አካም ጅርቱ፣ አዴ?

እትዬ፦ ነጋ፣ ነጋ። ቦቲውን ምን አስወለቀዎት? እንደሱ ይግቡ እንጂ።

ሐጂ፦ ጭቃ ነው። ሌላ ሰው ወልውሎ የጨረሰውን ወለል በቦቲ አልረግጥም። በመቱ ዝናብ ጫማውን በር ላይ የማያወልቅ እንግዳ፣ እንግዳ ነኝ ባይል ይሻለዋል። ይኼ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ነው?

መምህሩ፦ አዎ ሐጂ። ስለ መስተንግዶ እያወራን ነው። እርስዎን የመሰለ ሰው እንዲመጣ ስመኝ ነበር፤ እንድጠይቅዎ።

ሐጂ፦ ጠይቅ። ቡናው እስኪቆላ ጊዜ አለን።

መምህሩ፦ እዚህ ከተማ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም ግድግዳ ተጋርቶ ነው የሚኖረው። ገበታ ላይ እንዴት ትሆናላችሁ? እኔ ተማሪዎቼን መጋበዝ እፈልግና ማን ምን እንደማይበላ ለመጠየቅ አፍራለሁ።

ሐጂ፦ ምን ያሳፍራል? ሥጋ ላይ እኛ አንሸፋፈንም። እሳቸው ቤት የታረደውን እኔ አልበላም፤ እኔ ያረድኩትን እሳቸው አይበሉም። ይኼን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እሳቸው ልጃቸውን በጥር ሲድሩ በሬ ጣሉ። ለእኛ ደግሞ ፍየል ገዝተው በዋዜማው ላኩብኝ፤ እኔ ባረክሁ፣ የሰፈራችን እስላም ሴቶች በገዛ ድስታቸው ሠሩ። ድስቱም፣ ጭልፋውም፣ ሳህኑም ለብቻው ነው። ዳሱ ግን አንድ ነው። ሙሽራውን አብረን መረቅን።

እትዬ፦ እኔም ለኢድ እሳቸው ቤት ስሄድ ሽሮና ጎመኑ፣ ቅቤ የጠጣ ጨጨብሳው ተለይቶ ይጠብቀኛል። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ቅቤው እንኳ ቀርቶ በዘይት ነው። ማንም «ምን ትበያለሽ?» ብሎ አይጠይቀኝም።

ሐጂ፦ ጎረቤት አይጠየቅም፣ ይታወቃል። አዲስ ሰው ግን ይጠየቃል። የሚጠየቀው ሲጠራ ነው እንጂ ገበታ ከቀረበ በኋላ አይደለም። ሥጋው ቀርቦ «አንተ ሙስሊም ነህ እንዴ?» ከተባለ ያ ሰውዬ ምን ይሁን? «እሑድ ና» ስትለው «ጾም ነህ? የምትተወው አለ?» በለው። አለቀ።

መምህሩ፦ መጠጡስ?

እትዬ፦ እሱ ድሮም ቀላል ነበር፣ ማር ስላለን። የዚህ አገር ማር የጫካ ነው፣ ቀፎው ዛፍ ላይ ይሰቀላል። የገተማ አበባ የቀሰመው ነጭ ይሆናል። ከዚያው ማር ለሚጠጣው ጠጅ ይጣላል፣ ለማይጠጣው ብርዝ ይበጠበጣል። ብርሌ ለብርሌ አይተያዩም። አሁን የበደሌው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 ከተከፈተ ወዲህ ሰርግ ማለት የቢራ ሣጥን መደርደር ሆኗል፤ ብርዝ የሚበጠብጥ ጠፋና ለሐጂና ለመካነ ኢየሱሶቹ ለስላሳ ይታደላል። እኔ አይጥመኝም። ግን ሴቶቹ ጠላ ከመጥመቅ ዐርፈዋል፤ ያንንም አልክድም።

መምህሩ፦ የሴቶቹን ነገር ካነሡት አይቀር… እንግዳ መጣ ሲባል ወንዱ ወንበር ያቀርባል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ማን ይሠራል?

እትዬ፦ አንተው መልሰው። ከሰል የምታያይዘው፣ ቡና የምታጥበው፣ የምትቆላው፣ የምትወቅጠው ማን ናት? እኔ ባልትና ሳስተምር ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ሴት ነበር። ወንዶቹ ያን ሰዓት እርሻ ይማሩ ነበር። አስተናጋጅ የሚባለው አባወራው ነው፤ ምስጋናው ለእሱ ነው፣ ምርቃቱም ለእሱ። ከምርቃቱ በኋላ ወደ ጓዳ አንገቱን አስግጎ «እጃችሁ ይባረክ» የሚል እንግዳ ያየሁ እንደሆነ ጨዋ ልጅ ብዬ እመዘግበዋለሁ።

ሐጂ፦ ልጃቸው እኮ ቡና ያፈላል፤ ወንዱ።

እትዬ፦ ያፈላል። መጀመሪያ ጎረቤት ሳቀበት፣ አሁን ቡናው ከኔ ይጥማል እያሉ ይመጣሉ።

መምህሩ፦ እኔ ደግሞ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። ሰው ለመጋበዝ ካፌ እቀጥራለሁ። እዚህ ሰው ቅር ሲለው አያለሁ።

ሐጂ፦ ቅር ይላል። ካፌ ውስጥ ማን ይመርቃል? አስተናጋጇ ሒሳብ ይዛ ቆማ!

እትዬ፦ እኔ ከልጁ ጋር ነኝ ሐጂ። ያለውን ነው የሰጠው። ባለአንድ ክፍል ሰው ቤቱ ሲጋብዝ አልጋው ላይ ነው የሚያስቀምጥህ፤ እንግዳውም ባለቤቱም ይሳቀቃሉ። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል፤ ፊቱ ካፌም ውስጥ ይታያል። የማልወደው ሰፊ ሳሎን ይዞ፣ ሶፋውን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ሰው ሁሉ ካፌ የሚቀጥረውን ነው።

ሐጂ፦ እሱንስ እኔም አልወድም። …ጭሱ መጣ። ልጄ፣ በእጅህ ወደ አንተ ሳበው እንጂ ዝም ብለህ አትየው። የተቆላውን ስታዞርብህ እኮ ቡናዬን እየው ማለቷ ነው። «ግሩም ነው» በላት።

መምህሩ፦ ግሩም ነው! የት የበቀለ ነው?

ሐጂ፦ ያዮ። ጫካው እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ ባዮስፌር ተብሎ ተመዝግቧል። ቡናው ሰው ሳይተክለው ከዛፍ ሥር የሚበቅል ነው። ባለቡና አገር ስለሆንን ቡና ላይ አንቆጥብም። ስኳር ላይ ግን እንቆጥባለን። አንተ መጀመሪያ የመጣህ ዕለት ስኳር ጠይቀህ ነበር አሉ።

መምህሩ፦ በጨው ቀረበልኛ! ደንግጬ ነው።

እትዬ፦ ደግነቱ ጠጣኸው። ሰው ቤት የቀረበውን መቅመስ ነው፤ ካልጣመህ ስኒውን ይዞ ማውራት ነው። እንደ አገሩ ልማድ ጨው የሚጨምር አለ፣ ቅቤ ጣል የሚያደርግ አለ። ለበዓልና ለምርቃት ደግሞ ቡና ቀላ አለ፤ ፍሬው በቅቤ ተጠብሶ የሚበላ። እሱ ሲቀርብልህ ትልቅ ሰው ተደርገሃል ማለት ነው፤ «ቡና ይበላል እንዴ?» እንዳትል።

መምህሩ፦ አቦሉን ጠጥቶ መነሣት ነውር ነው ይባላል። ክፍል ያለበት ሰው ምን ያድርግ?

እትዬ፦ ሲገባ ይናገር። «አንድ ስኒ ጠጥቼ እሄዳለሁ፣ ክፍል አለኝ» ካለ ማን ይቀየመዋል? የሚያስቀይመው ሳይናገር ተቀምጦ፣ ሰዓቱን ሰርቆ እያየ ቆይቶ ቶናው ሲቀዳ ብድግ ማለቱ ነው። በረካውን የሚጠብቅ ሰው ጊዜውን ሰጥቶሃል። ጊዜ የሌለው ደግሞ እውነቱን ይስጥህ።

ሐጂ፦ አዴ፣ ለልጁ ስለ አስታማሚዎቹ ነገሩት? የዚህ ከተማ እንግድነት እሱ እኮ ነው። ሰርጉ በዓመት አንዴ ነው።

እትዬ፦ ገና አልነገርኩትም። አየህ፣ ካርል ሆስፒታል እዚህ ነው። ከኖኖ ሰሌም፣ ከዲዱም፣ ከቡሬም በሽተኛ የሚመጣው ወደ መቱ ነው። በሽተኛው አልጋ ያገኛል። ይዞት የመጣው ወንድሙና እናቱ ግን ከተማ ውስጥ ዘመድ ይፈልጋሉ። ዘመድ ሲባል የአክስት ልጅ ባል ወንድምም ዘመድ ነው። በሩን ያንኳኳሉ። ስንት ቀን እንደሚቆዩ እነሱም አያውቁም፣ ሐኪሙም አያውቅም። እዚህ ላይ «በልቻለሁ» አይሠራም፤ በልተው እንዳልመጡ ይታወቃል።

መምህሩ፦ ለስንት ቀን ይሆናል እንግድነት?

ሐጂ፦ በእኛ ሃይማኖት የእንግድነት ልክ ሦስት ቀን ነው። ከዚያ በላይ የሚደረግለት ሰደቃ ነው። እንግዳውም ባለቤቱን እስኪያስጨንቅ እንዲቀመጥ አልተፈቀደለትም።

እትዬ፦ እኛ ጋ ቀን የሚቆጥር ሕግ የለም፤ ሰው ግን ይቆጥራል፣ በሆዱ። እኔ ያየሁት ይኼ ነው። ጨዋ አስታማሚ ባዶ እጁን አይመጣም። ከገጠሩ የበቆሎ ዱቄት፣ ጎደሬ፣ አንድ ጣሳ ማር ይዞ ይመጣል። ሲመጣ ቀጥታ ጓዳ ያስገባዋል እንጂ ሳሎን መሐል አያስቆጥረውም፤ አንተም እፊቱ አትከፍተውም። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሴቲቱ ተነሥታ መጥረጊያ ትይዛለች፤ ወንዱ እንጨት ይፈልጣል፣ ውኃ ይቀዳል። እኔ «ኧረ ተዪው፣ እንግዳ ነሽ» እላለሁ። እሷ አትሰማኝም፤ እኔም እንድትሰማኝ አልፈልግም።

መምህሩ፦ ይኼም ሌላው መግደርደር ነዋ፤ የባለቤቷ።

እትዬ፦ ነው! ከሳምንት በኋላ ያቺ ሴት እንግዳ አይደለችም። ምጣዱ የት እንዳለ ታውቃለች፣ ልጆቼ ስሟን ይጠራሉ። ጋባዥም የራሱ ነውር አለው። «መቼ ነው የምትሄዱት?» ብሎ መጠየቅ፣ ስለ ዘይት ዋጋ እነሱ እየሰሙ ማማረር፣ ልጅን በእነሱ አሳብቦ መቆጣት። እነዚህን ያደረገ ሰው አልጋም ለቅቆ ቢሆን አላስተናገደም።

ሐጂ፦ አንዳንዱ እንግዳ ግን አንድ ጊዜ መጥቶ ይቀራል። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ጊዜ ከወሎና ከትግራይ ስንቱ ሰው መጣ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የሐረርጌ ሰው ጨዋቃ ላይ ሰፈረ። መጀመሪያ ሰፋሪ ተባሉ። አሁን ልጆቻቸው እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ አግብተው፣ ገበያው ላይ ከእኔ ጋር በቡና ዋጋ ይከራከራሉ። አሁንም «እንግዶቹ» የሚላቸው አለ። እኔ እንደሱ የሚለውን ሰው ቡናውን አልገዛውም።

መምህሩ፦ አይገዙትም?

ሐጂ፦ ዋጋውን አወርድበታለሁ። (ይስቃሉ።) እነሱም ያመጡት አለ። እኔ ቤት ከመግባቱ በፊት ደጅ ላይ ቆሞ ደጋግሞ ተጣርቶ፣ ካልመለሱለት የሚመለስ ሰው ያየሁት ከእነሱ ነው። እኛ እንገባለን ዝም ብለን።

እትዬ፦ እሱን የኛ ሰው ቢማር ደስ ይለኛል። ስልክ በየኪሱ አለ። ድሮ ልጅ ይላክ ነበር፤ «እነ እትዬ ነገ ይመጣሉ» ይባልና ሌሊቱን ይቦካል፣ ይጋገራል። አሁን ስልኩን ይዞ፣ ሳይደውል በሩ ላይ ቆሞ ነው «ድንገት ላስደስታችሁ ብዬ» የሚለው። የሚያስደስተኝ አስቀድሞ ቢደውል ነበር። ገብቶም ስልኩን እያየ የሚበላ አለ፤ እሱን እንተወው፣ ልቤን አታድርቁት።

መምህሩ፦ ግን እትዬ፣ ሰው ሁሉ ደውሎ፣ ተቀጣጥሮ ብቻ ከመጣ ያ የድሮው ጉርብትና አይሞትም? አዲስ አበባ እንዲያ ሆነናል። በአንድ ፎቅ እየኖርን በዓመት አንገናኝም።

እትዬ፦ ጎረቤትና እንግዳ አንድ አይደሉም። ሐጂ ደውለው መጡ? አልደወሉም። ቡና ሲቆላ ሸተታቸው፣ መጡ። ለእሳቸው ብዬ የጨመርኩት አንዲት ስኒ ነው። ለጎረቤት ያለው ይበቃል፤ ቁርሱ ቆሎም ይሁን የተቀቀለ ጎደሬ። ዝግጅት የሚጠይቀው ከሩቅ የሚመጣው ነው። እናንተ ፎቅ ላይ የምታጠፉት ጎረቤትንም እንደ እንግዳ ማየታችሁ ይመስለኛል። ሁሉን ሰው በዶሮ ካልሆነ አልቀበልም ካልክ ማንንም አትቀበልም።

ሐጂ፦ ልክ ነው። ሰዉ የሚፈራው ሰውን አይደለም፣ ወጪውን ነው።

እትዬ፦ በዚህ አገር ድግስ ስንት ቤት አደኽይቷል! ቡናው ደርሶ፣ ብሩ ተቆጥሮ፣ ጥር ላይ በሁለት ቀን ሰርግ ያልቃል። ነሐሴ ላይ ያው ሰውዬ ብድር ሲዞር ታገኘዋለህ። ባለፈው የበላው ሁሉ «በልቻለሁ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ድግስ አይኑር አልልም። ተጋባዡ በጊዜ ይተባበር ነው የምለው፤ ለቅሶ ላይ እድሩ ድንኳኑን፣ ሳህኑን፣ እንጀራውን እንደሚይዘው ሰርጉንም ቢይዘው።

(ሐጂ ሦስተኛውን ስኒ ጨርሰው እጃቸውን ወደ ላይ ይዘረጋሉ፤ በኦሮምኛ ይመርቃሉ። እትዬና መምህሩ «አሜን» ይላሉ።)

መምህሩ፦ ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር ንገሩኝ። ከየአገሩ የመጡ ልጆች አሉኝ፤ የከተማው ሰው ለበዓል ቤቱ ይወስዳቸዋል። ደስ ይላቸዋል፣ ግን ይጨነቃሉ። ምን ልበላቸው?

ሐጂ፦ የሚተዉት ምግብ ካለ በተጠሩ ዕለት ይናገሩ። ጫማቸውን በር ላይ ያውልቁ። ሌላውን ከቤቱ ትልቅ ሰው እያዩ ያድርጉ።

እትዬ፦ እጃቸውን ሲያስታጥቧቸው ትልቁ ይቅደም፤ ከፊታቸው ይብሉ፣ ወደ ማዶ አይሻሙ። ሲወጡ ጓዳ ገብተው ያበሰለችውን ያመስግኑልኝ። ከጠገቡ ሁለቴ «ጠግቤያለሁ» ይበሉና ዝም ይበሉ። ርቧቸው ከሆነ ግን ልጆች ናቸው፣ ከእናታቸው ቤት የራቁ ናቸው፤ መግደርደሩን ለእኛ ለትልልቆቹ ትተው «እትዬ፣ ርቦኛል» ይበሉ። ይኼን ንገርልኝ፤ ለሚጋብዟቸውም ሰዎች እኔ እነግራለሁ።